እናቴ ቡሌ ሄዳ ሳለ

እናቴ ለለቅሶ ቡሌ ወጥታ በቆየችባቸው አራት ቀናት ውስጥ ዲላ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት የነበሩትን ሰባት እንሰቶች ቆርጬ ጣልኳቸው። ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገጀራ አነሣሁ፤ እሑድ ማታ ቦታው ተደልድሎ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ተደርድሮበት፣ ጠጠር ተበትኖበት አለቀ። ሁለቱ ለመፋቅ የደረሱ ነበሩ፣ አምስቱ ገና ናቸው። የደረሱትን እንኳ ሴቶች ጠርቼ ላስፍቅ አላልኩም። ጎረቤት ለላሞቹ ጎትቶ ወሰዳቸው፤ የተረፈውን እኔው ቆራርጬ ጉድጓድ ጨመርኩት።

እናቴ የተመለሰችው አመሻሽ ላይ ነው። ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ደጃፉ ላይ ቆማ ባዶውን ቦታ አየች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በሽታ ገባባቸው?»

ይህ ጥያቄ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያመኝ በእንሰት ጓሮ ላላደገ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እንሰትን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን መኖሩ በምሁራን ጽሑፍ ከተመዘገበ ወዲህ እንኳ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። የያዘውን ነቅሎ መቅበር፣ የቆረጡበትን ገጀራ በእሳት መለብለብ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር መጸለይ ነው። ለእናቴ ሰባት እንሰት በአንድ ጊዜ የሚጠፋበት ሌላ ምክንያት በዓለም ላይ አልነበረም። ጤነኛ እንሰት ልጇ በጤናው ይጥላል ብላ አልጠረጠረችኝም።

«አበባ ልተክልበት ነው» ማለት እችል ነበር። አፈርኩ። ይልቅ እንዲህ አልኳት፦ «እማዬ፣ የወባ ነገር ነው። እንሰት በቅጠሉ ብብት ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፤ ቢንቢ እዚያ ይፈለፈላል። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው።»

መምህር ነኝ፤ ያውም የባዮሎጂ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔን ያስተማረችኝ በቡናና በቆጮ ነው። «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም። መቃወሚያ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ነጠላዋን አቅንታ በማድ ቤቱ በኩል ባለው በር ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ በፊት ለፊቱ በር መግባት ተወች።

አበባው ምን ነበር? በክረምቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ያረፍኩበት ሆቴል መግቢያ ላይ አንድ ተክል አየሁ። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ የሚነድ ችቦ የመሰለ ቀይ። ፕላስቲክ መስሎኝ በጣቴ ቆነጠጥኩት። እውነተኛ ነው። መንገድ ዳር አበባ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት፤ «የአናናስ አበባ» ብሎ ሸጠልኝ። ስሙ ጉዝማኒያ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ወደ አዲስ አበባ በተመላለስኩ ቁጥር እየገዛሁ፣ በካርቶን አድርጌ፣ ከአውቶቡስ ወንበር ሥር ወትፌ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክሜ አሥራ አምስት አደረስኳቸው። ጉዝማኒያው ብቻ አይደለም፤ ቅጠሏ ብር የተቀባ የመሰለች ሮዝ አበባ ያላት ኤክሜያ ነበረች፤ ልቧ ወደ ቀይ የሚለወጥ ኒዮሬጌሊያም ነበረች። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ብሮሚሊያድ ይባላሉ። ከሦስት ሺህ በላይ ዝርያ አላቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ ያ አንዱ በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒ ዓለት ላይ ይበቅላል።

እናቴ ማሰሮዎቹን ስታይ ጎንበስ ብላ ቅጠላቸውን ዳሰሰች። «ይኼማ አናናስ ነው። ፍሬው መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሳቅኩባት። ይህንንም እዚህ ላይ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ትክክል የነበረችው እሷ ናት። ከዲላ ወደ ጩኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ተከምሮ የሚሸጠው አናናስ የዚህ ቤተሰብ ዋና ሰው ነው። አውሮፓውያን የቤተሰቡን ሌሎች ልጆች በመስታወት ቤት ማሳደግ ከመጀመራቸው በፊት የሚያውቁት እሱን ነበር። እናቴ በእጇ ዳስሳ የደረሰችበትን ዝምድና እኔ ዲግሪ ይዤ አላየሁትም።

እነዚህን ተክሎች ለማሳየት ፀሐይ የሚገባበት፣ ከመንገድ የሚታይ ቦታ ፈለግኩ። እንሰቱ ይጋርዳል። ከእንሰቱ ሥር የነበሩትን ሦስት የቡና እግሮችም አብሬ አነሣኋቸው፤ ከላይ የነበረውን የዋንዛ ቅርንጫፍ ደግሞ አስቆረጥኩ። በአዲስ አበባ እንዳየሁት ዓይነት «ግቢ» እንዲኖረን ፈልጌ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጓሮ እንዳይመስለው።

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የጥርና የየካቲት የቀትር ፀሐይ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጉዝማኒያዎቹ ቅጠል ላይ ካውያ የተረሳበት ጨርቅ የመሰለ ነጭ ጠባሳ ወጣ፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ተበሳ። ውኃ አንሷቸው ነው ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ሥራቸው ደግሞ በቀዩ አፈርና በፍጉ ውስጥ በሰበሰ፤ አንዷን ሳነሣት ግንዷ በእጄ ቀረ፣ ሽታዋም የበሰበሰ ነገር ሽታ።

ከዚያ በኋላ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ፤ ግን እኔ የማነበው ከጠፋ በኋላ ነው። ጉዝማኒያ በተፈጥሮዋ በኮሎምቢያና በኢኳዶር ደኖች ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ የምትኖር ናት። ጥገኛ አይደለችም፤ ከዛፉ ምንም አትወስድም፣ መቀመጫ ብቻ። ሥሯ መያዣ ነው እንጂ ብዙ አይጠጣም። ውኃዋንም ምግቧንም የምታገኘው ከቅጠሎቿ መሐል ካለው ጽዋ ነው። የምትፈልገው በትልቅ ቅጠል የተጣራ ብርሃን፣ እርጥብ አየር፣ ነፋስ የማይመታው ጥግ ነው። ከላይ ዋንዛና ኮርች፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። አበቦቹን ለመትከል ብዬ የጣልኩት አበቦቹ የሚፈልጉትን ጥላ ነበር። በመላው ጌዴኦ ለጉዝማኒያ ከእናቴ ደጃፍ የተሻለ ቦታ ፈልጌ አላገኝም ነበር፤ በእሑድ ማታ ግን አልነበረም።

ሐዋሳ ድረስ ሄጄ የጥላ መረብ ገዛሁ። በአራት ምሰሶ ላይ ወጥሬ አሰርኩት። እናቴ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቡና እየለቀመች አየችኝ። ምንም አላለችም። ጥላ በገንዘብ የሚገዛ ሰው በሕይወቷ ያየችው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቢንቢው ልምጣ።

የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሲጀምር ጽዋዎቹ ሁሉ ሞሉ። አንድ ደህና ያደገች ብሮሚሊያድ ብዙ ውኃ ትይዛለች፤ ኤክሜያዋማ ጣሳ በሏት። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቆመ ውኃ ለማየት በየቤቱ ትዞር ነበርና አንድ ቀን ከእኛ ግቢ ገባች። ጎማ አየች፣ በርሜል አየች፣ ከዚያ ወደ አበቦቹ ሄደች። አንዷን ማሰሮ ዘንበል አድርጋ ውኃውን በብርጭቆ ተቀበለችው።

«መምህር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ብርጭቆው ውስጥ እጮቹ ይወራጫሉ። እናቴ ከጎኗ ናት፤ ለእንግዳዋ ወንበር ይዛ መጥታ ነበር። እናቴ ብርጭቆውን አየች፣ አበባውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ለቢንቢ ብዬ እንሰት የቆረጥኩት ሰው፣ በእንሰቱ ቦታ ውኃ ከመያዝ ሌላ ሥራ የሌለው ተክል አሥራ አራት ጊዜ ደርድሬ ቆሜያለሁ።

ልጅቱ ሥራዋን የምታውቅ ነበረች። እጮቹን አስተዋለቻቸው፤ ከውኃው ፊት ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። የወባዋ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ጋር አግድም ነው የምትተኛው፤ ስለዚህ እነዚህ ወባ አስተላላፊዎቹ አይደሉም አለችን። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ጉዳዩ ሳገላብጥ የዋሸሁት ነገር ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ እሱ ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆ ዙሪያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 30,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በዚያ ወቅት ሰው ሰፈር ውስጥ በሽታውን ካስተላለፉት ትንኞች አንዷ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚቋጠር ውኃ የምትራባ ናት። የዚያች ትንኝ ወገን የሆነች አንዲት ዝርያ ሳይንሳዊ ስሟ ኤዴስ ብሮሜሊዬ ይባላል፤ በብሮሚሊያድ ነው የተሰየመችው። ስሟን ሳነብ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። በካሪቢያን ትሪኒዳድ ደግሞ የወባዋ ትንኝ ራሷ ብሮሚሊያድ ውስጥ ትፈለፈላለች፤ የካካዎ እርሻ ጥላ ይሆናሉ ተብለው በተተከሉ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ብሮሚሊያዶች ሞልተው፣ ወባው ከዚያ ይወርድ ነበር። ኮሊን ፒተንድሪግ የሚባል የሥነ ሕይወት ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህንኑ ሲያጠና ከረመ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹም የመዳብ ሰልፌት እየረጩ ብሮሚሊያዶቹን ከዛፉ ላይ ፈጇቸው፤ መዳብ ለዚህ ቤተሰብ መርዝ ነው። ያ የትሪኒዳድ ጥላ ዛፍ ምን ነበር መሰላችሁ? የኮርች ዘመድ። እኛ ቡና ላይ የምናጠላው ኮርች።

ይህን ሁሉ አንብቤ መረጋጋት ሲገባኝ ደነገጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ኩራዝ ማስቀመጫ ላምባ ወስጄ በየጽዋው ጠብ ጠብ አደረግኩ። እጮቹ ሞቱ። ስድስት አበቦችም አብረው ሞቱ፤ ልባቸው ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ ተነቀለ። የሚያስፈልገው በየአራትና በየአምስት ቀኑ ጽዋውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ብቻ ነበር፤ እጩ ክንፍ ለማውጣት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋልና። ውኃ መድፋት። ይኼው ነው።

የተረፉት ስምንቱ ናቸው። አራቱ በሚቀጥለው ዓመት አበቡ። አራቱም ወደ ማድ ቤቱ የቀረቡት መሆናቸውን ያኔ ልብ አላልኩም፤ ያደረግኩላቸው ማዳበሪያ ሠራ ብዬ ኮራሁ። ጭስ ውስጥ ያለ አንድ ጋዝ አናናስንና ዘመዶቹን እንዲያብቡ እንደሚቀሰቅስ፣ የአዞረስ ደሴት አናናስ ገበሬዎችም ጭስ እያጨሱ እንደሚያስገድዱት በኋላ ነው የተረዳሁት። እምላለሁ አልልም፤ ግን ያበባቸው የእናቴ ምድጃ ይመስለኛል።

ቀዩ ቀለም ወራት ቆየ። ጎረቤት ፎቶ ተነሣበት። ከዚያ ደበዘዘ፣ ቡናማ ሆነ፣ ቅጠሉም ከውጭ እየደረቀ መጣ። ሞቱ ብዬ አራቱንም ነቅዬ ከቆሻሻው ጉድጓድ ወረወርኳቸው። ብሮሚሊያድ አንዴ ነው የምታብበው። ካበበች በኋላ ለወራት እየደረቀች ከጎኗ ልጆች ታወጣለች፤ ልጆቹ የእናታቸውን እኩሌታ እስኪያህሉ ድረስ አትነካም። እኔ ልጆቹን ከነእናታቸው ጣልኳቸው። የሚያሳፍረው አለማወቄ አይደለም። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ «አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ምሳሌ ስጡኝ» ስል ልጆቹ በአንድ ድምፅ የሚመልሱልኝ «እንሰት!» ብለው ነው።

ስለ አበቦቹ ይብቃኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ለመጻፍ የዘገየሁበት ነው።

ከሰባቱ እንሰቶች አንዱ ተስሎ የተቀመጠ ነበር። ጋንቲቾ የሚባለው የእንሰት ዓይነት ነው፣ ከሁሉ ትልቁ። እናቴ የእህቷ ልጅ በዚያው ዓመት ሲያገባ እንዲፋቅለት ለእህቷ ቃል ገብታለች። እኔ አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኩም። ለሠርጉ የሚሆነውን ቆጮ እናቴ ከገበያ ገዛችው። ጓሮዋ እንሰት እያለው ቆጮ ከገበያ የምትገዛ የእናቴ እኩያ ሴት ምን እንደሚሰማት እኔ ልናገር አልችልም፤ ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ስትገባ ግን አይቻለሁ።

ዘመዶቿ ከቡሌ ሲመጡ ያንን የጠጠር ሜዳ አዩ። አክስቴ ወዲያው ጠየቀች። እኔ ሳሎን ውስጥ ነኝ፣ እናቴ ከደጅ ስትመልስ ሰማሁ፦ «ቢንቢው በዝቶ ነው። ልጄ በትምህርት ያውቀዋል፤ ለእኔ ጤና አስቦ ነው የቆረጠው።»

ብርጭቆውን ካየች በኋላ ነው ይህን ያለችው። ውሸቴን ወስዳ፣ አቃንታ፣ የእኔን መልካም ስም አለበሰችው። ወጥቼ «አይደለም» አላልኩም። ቡናዬን ጠጣሁ።

እንዲህ ሦስት ዓመት ከምናምን አለፈ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ስብሰባ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከተማው ጨፈረ። እኛ ትምህርት ቤትም ለተማሪዎች ስለ ቅርሱ የሚናገር መምህር ተፈለገና የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ተናገርኩ። ስለ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች፣ ዛፍ ከላይ፣ እንሰት ከመሐል፣ ቡና ከሥር ሆኖ ተዳፋቱን ለዘመናት ስለያዘው የአባቶቻችን እርሻ ተናገርኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ተጨበጨበልኝ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «የእናንተ ጓሮም እንዲህ ነው ወይ መምህር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

በዚያው ማታ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ለእናቴ ነገርኳት። የወባ ነገር እንዳልነበር፣ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ቦታውን በዓይኔ ለክቼ እንደነበር፣ ቡሌ የሄደችበትን ቀን ጠብቄ እንደቆረጥኩ። ስናገር ቀና ብዬ አላየኋትም። ጌዴኡፋዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አልበቃ ብሎኝ መሐል መሐሉን በአማርኛ ሞላሁት።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «ቢንቢ ፈርተህ ቢሆን አጎበር ትሰቅል ነበር።»

ከመንግሥት የተሰጠኝን አጎበር ለሦስት ዓመት ቁም ሣጥኔ ላይ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። ክፍሌን የምትጠርገው እሷ ናት።

ከዚያ ዝም ተባባልን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሲነጋ ግን መቆፈሪያ ይዛ ጓሮ አገኘኋትና «ና» አለችኝ። ከኋላ ካሉት እንሰቶች አንዱን፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነውን፣ ኒፎ የሚባለውን መረጠች። ግንዱን ከመሬት ከፍ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ከመሬት ሥር ያለውን ሐምቾውን አወጣነው፤ መሐል ልቡን፣ የሚያድግበትን ጫፍ፣ እሷ በቢላዋ ፈልፍላ ጣለችው። ልቡ ካልወጣ አንድ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ ልቡ ሲወጣ ከዳር ዳሩ ልጆች ይሰጣል። ጠጠሩን ጠራርገን ከፊት ለፊቱ ቆፍረን፣ ፍግ አድርገን ቀበርነው። በልግ ሲገባ መሬቱን እየሰነጠቁ ወጡ። አርባ ሦስት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

እንሰት ከችግኝ እስኪፋቅ ድረስ በእኛ ዘንድ ስድስትና ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እናቴ ሰባን አልፋለች። ይህን ስሌት ሁለታችንም በሆዳችን ሠርተነዋል፤ ጮክ ብሎ የተናገረው የለም።

የጥላ መረቡን አንሥቼ ለዶሮ ቤት ሰጠሁት። የተረፉትን አራት ብሮሚሊያዶች ከአሮጌ የቡና ገለባና ከከሰል ስባሪ ጋር በቃጫ ጠቅልዬ ከጓሮው ዋንዛ ቅርንጫፍ መገናኛ ላይ አሰርኳቸው፤ አሁን ከነልጆቻቸው አሥራ አንድ ሆነዋል። ከመንገድ አይታዩም። በየአራት ቀኑ መሰላል ተደግፌ ጽዋቸውን አጥባለሁ። እናቴ ከታች ሆና «አናናሱ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ደህና ነው» እላታለሁ።

ፊት ለፊት ለይተን የተከልናቸው ሰባት የእንሰት ችግኞች አሁን ትከሻዬ ላይ ደርሰዋል። እናቴ ዛሬም በማድ ቤቱ በር ነው የምትገባው። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ከገበያ ስትመለስ፣ በእነሱ መሐል አልፋ በፊት ለፊቱ በር ገባች። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ለዚያ ይሆናል።